የታመመ ሰው በካሽ አይጠየቅም

በዋሽንግተንና አካባቢው በምንኖር ሐበሾች ዘንድ ሰው ሲታመም ሁለት ነገር ይደረጋል፤ ምግብ ይሠራል፣ ጎፈንድሚ ይከፈታል። በምግቡ ተቃውሞ የለኝም። ጎፈንድሚው ግን፣ በሽተኛው የሚኖረው ኤስ ኤስ አይ በሚባለው የመንግሥት ድጎማ ከሆነ፣ እንርዳው ብለን ቼኩን የምናስቆርጥበት መንገድ ሊሆን ይችላል። ይህን የምጽፈው ዳር ቆሜ አይደለም። ነርሲንግ ሆም ውስጥ አረጋውያንን ሳነሣና ሳስተኛ ወገቤ ተጎድቶ ሥራ ካቆምኩ ወዲህ የምኖረው ከዚሁ ቼክ ነው። ሊጠይቁኝ የሚመጡ ወዳጆቼ «ለመድኃኒትሽ ትሁን» እያሉ ትራሴ ሥር የሚሸጉጡልኝን ዶላር ሶሻል ሴኩሪቲ ገቢ ብሎ ይጠራዋል። ገቢ ደግሞ ከቼክ ይቀነሳል።

መጀመሪያ ሰው የሚያምታታውን ላጥራ። ዲስአቢሊቲ ስንል ሁለት የተለያዩ ገንዘቦችን አንድ ላይ እየጠራን ነው። አንደኛው ኤስ ኤስ ዲ አይ ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1956 ጀምሮ ያለ፣ ሠርቶ የሶሻል ሴኩሪቲ ግብር የከፈለ ሰው ጤናውን ሲያጣ የሚያገኘው። ባንክ ውስጥ ስንት እንዳለህ አይጠይቅም፤ እቁብ ብትጥል፣ ወንድምህ ሺህ ዶላር ቢሰጥህ ግድ የለውም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። አምስት ሙሉ ወር ያስጠብቃል፤ የጤና ኢንሹራንሱ ሜዲኬር እስኪመጣ ደግሞ ከዚያ በኋላ ሌላ 24 ወር። መጠኑም የሚሰላው ለመንግሥት ካሳወቅነው ገቢ ነው። ስንቱ ታክሲ ነጂ ወንድማችን በታክስ ሰሞን ገቢውን ዝቅ አድርጎ ሲያስሞላ ኖሯል? ስንቷ እህታችን የሰው ልጅ በካሽ ስትጠብቅ ዓመታት አልፈዋል? ጤና እያለ ትርፍ ይመስል ነበር። ወገብ ሲሰበር ወይም ኩላሊት ሲደክም ያ ሁሉ ዘመን ወረቀቱ ላይ ባዶ ሆኖ ይገኛል።

ሁለተኛው ኤስ ኤስ አይ ነው። ጃንዋሪ 1974 ሥራ የጀመረው ይህ ድጎማ አቅም የሌላቸውን አካል ጉዳተኞች፣ ዓይነ ስውራንና 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን ይመለከታል። በዚህ በ2026 ለአንድ ሰው የሚከፈለው ከፍተኛው የፌዴራል መጠን በወር 994 ዶላር ነው። እንደኔ የኤስ ኤስ ዲ አይ ገንዘቡ ትንሽ የሆነበት ሰው ከሁለቱም ያገኛል፤ ሕጉ የመጀመሪያዋን 20 ዶላር አይቶ እንዳላየ ያልፍና ቀሪውን ይሞላል። ድምሩ 1,014 ዶላር ይመጣል። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባለ አንድ መኝታ ቤት የተከራየ ሰው ቀሪውን ስሌት ለራሱ ይጨርሰው።

ስለዚህ የምንኖረው የሰው ቤዝመንት ውስጥ፣ ወይም ዘመድ ጋ ተዳብለን ነው። መንግሥት ኪራዩን የሚደጉምለት የሴክሽን ኤይት ቤት የደረሰው ሰው ኪራዩ ከገቢው ሠላሳ በመቶ አካባቢ ስለሚሆን እድለኛ ነው፤ ወረፋው ግን ለልጅ የሚወረስ ነው የሚመስለው። ቼኩ በወሩ አንደኛ ቀን ይገባል። ቀኑ ቅዳሜ፣ እሁድ ወይም በዓል ከሆነ ቀደም ብሎ ባለው የሥራ ቀን ይገባል። በዚህ ምክንያት አንዳንዱ ወር ሁለት ቼክ የገባበት ይመስላል፣ ተከታዩ ደግሞ ምንም ሳይገባበት ያልፋል። አዲስ የጀመሩ ሰዎች በዚያ ተጨማሪ በሚመስል ገንዘብ ተደስተው ለልጅ ጫማ ሲገዙ አይቻለሁ። ጭማሪ አይደለም፤ የሚመጣው ወር ኪራይ ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ኤስ ኤስ አይ የሚያገኝ ትዳር የሌለው ሰው ወሩ በጠባበት ቅጽበት ከ2,000 ዶላር በላይ ጥሪት ከተገኘበት የዚያን ወር ክፍያ የማግኘት መብት የለውም። የሚኖርበት የራሱ ቤትና አንድ መኪና አይቆጠሩበትም፤ ጥሬ ገንዘብ ግን ይቆጠራል። ድጎማው ሲጀመር በ1974 ወርሃዊው ክፍያ 140 ዶላር፣ የጥሪቱ ጣሪያ ደግሞ 1,500 ዶላር ነበር። ሰው የአሥር ወር ክፍያውን የሚያህል ገንዘብ ለክፉ ቀን ማስቀመጥ ይችል ነበር ማለት ነው። ጣሪያው በ1989 2,000 ደረሰና እዚያው ቀረ። ክፍያው በየዓመቱ የኑሮ ውድነቱን እያየ ሲጨምር ጣሪያው አልተነቃነቀም። ዛሬ የሁለት ወር ክፍያ ብቻ ነው። በ2023 የኦሃዮው ዴሞክራት ሼሮድ ብራውንና የሉዊዚያናው ሪፐብሊካን ቢል ካሲዲ ጣሪያውን ለአንድ ሰው 10,000፣ ለባልና ሚስት 20,000 የሚያደርግ ረቂቅ አቀረቡ። ሁለቱ ፓርቲዎች የሚስማሙበት ነገር በጠፋበት ዘመን እንኳ ተስማምተው ያቀረቡት ነበር፤ ሕግ ሳይሆን ቀረ። እዚህ አገር ስለ ኢትዮጵያ ጉዳይ ኮንግረስ ደጃፍ ሰልፍ መውጣት እናውቅበታለን። ለዚህኛው ግን አንድም ሐበሻ ስልክ ሲደውል አልሰማሁም፤ ተጠቃሚው መሃላችን ተቀምጦ።

ለኛ ሰው ይህ ጣሪያ የሚከፋው በእቁብ ነው። በወር 200 ዶላር እየጣሉ 4,000 ሲደርስ ማውጣት ለሐበሻ መከራን መሻገሪያ ነው፤ የመኪና ጎማና የጥርስ ሐኪም፣ የእናት ቀብርም ከዚያ ነው የሚወጣው። ለኤስ ኤስ አይ ተረጂ ግን እጣው የወጣበት ገንዘብ አካውንት ውስጥ እያለ ወሩ ከተለወጠ፣ «ከየት መጣ?» የሚል ደብዳቤ ይከተላል። ያልተገባ ክፍያ ወስደሻል፣ መልሺ ይባላል። አንዲት ጎረቤቴ ደብዳቤውን ሦስት ሳምንት መሳቢያ ውስጥ ዘግታበት ኖረች። እንግሊዝኛው ስለከበዳት አይደለም፤ ስለፈራች ነው። ይህን ደብዳቤ ያገኘ ሰው ይግባኝ ለማለት 60 ቀን አለው። ጥፋቱ የእሱ ካልሆነና መክፈል ካልቻለ ዕዳው ይሰረዝልኝ ብሎ ማመልከትም ይችላል። የአማርኛ አስተርጓሚ ስጡኝ ማለት መብት ነው፤ በነፃ ያቀርባሉ።

ቤዝመንቱም የራሱ ጣጣ አለው። በሰው ቤት እየኖርክ ቤቱ መኖሪያህንም ምግብህንም ሙሉ በሙሉ ከቻለልህ ከድጎማው ሲሶው ይቀነሳል፤ በዘንድሮው ስሌት 331 ዶላር ከ33 ሳንቲም። የድርሻህን የምትከፍል ከሆነ አይቀነስም፤ ግን መክፈልህን ማስረዳት አለብህ። እዚህ ላይ ነው ከአገራችን ሰው ጋር የምንጋጨው። ለአከራዬ ኪራዬና የመብራት ድርሻዬ የተጻፈበት ውል ይስጡኝ ስላቸው «ምነው፣ አላመንሽኝም እንዴ?» ብለው ቅር አላቸው። ጋሼ እንደ አባት የማያቸው ሰው ናቸው። መተማመናችን አንድ ነገር ነው፣ መዝገቡ ሌላ። መብራቱ በእሳቸው ስም ስለሆነ ለማሞቂያና ለመብራት የሚሰጠውን እርዳታ ለመጠየቅም ያው ወረቀት ያስፈልገኝ ነበር። ቡና ተጠጥቶ፣ ሽማግሌ ሳይገባ፣ ተፈረመልኝ።

እንዴት እንርዳችሁ ለሚሉ ሰዎች መልሱ አለኝ። ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ወዲህ ሰው የሚያመጣልህ ምግብ ከኤስ ኤስ አይ አይቀነስም። ስለዚህ እንጀራው፣ ወጡ፣ ከሱቅ የሚመጣው ዘይትና ምስር ሁሉ ይምጣ። የስልክና የኢንተርኔት ቢል ሰው በቀጥታ ለኩባንያው ቢከፍልልኝ አይቆጠርብኝም። ኪራይ፣ መብራት፣ ጋዝና ውኃ ግን እንደ መኖሪያ እርዳታ ስለሚታዩ የተወሰነ ቅናሽ ያመጣሉ። አልፎ አልፎ የምትመጣ ትንሽ ስጦታ፣ በሦስት ወር 60 ዶላር ድረስ፣ ይታለፋል። ከዚያ በላይ እጄ ላይ የሚቀመጥ ካሽ ግን በአንድ እጅ ተሰጥቶኝ በሌላው የሚወሰድ ነው። የእህቴ ልጅ ስልኬን በራሷ ፕላን ውስጥ አስገባችልኝ፤ በየበዓሉ ከምትሰጠኝ መቶ ዶላር ይልቅ የሚጠቅመኝ ይሄ ነው። መንግሥት ለኢንተርኔት ይሰጥ የነበረው የ30 ዶላር ድጋፍ በ2024 ገንዘቡ አልቆ ከቆመ ወዲህ ላይፍላይን የሚባለው የ9 ዶላር ከ25 ሳንቲም ቅናሽ ብቻ ነው የቀረው።

ጎፈንድሚ ካልተከፈተ በቀር አይሆንም የምትሉ ደግሞ ኤብል አካውንት የሚባለውን ጠይቁ። አካል ጉዳተኛ የሚቆጥብበት ልዩ አካውንት ነው፤ እስከ 100,000 ዶላር ድረስ ለኤስ ኤስ አይ አይቆጠርም፣ ሌላ ሰው የሚያስገባለትም ገቢ አይባልም። እስከ አምና ድረስ ጉዳቱ 26 ዓመት ሳይሞላው የጀመረው ሰው ብቻ ነበር የሚከፍተው። ከዘንድሮ ጃንዋሪ ጀምሮ ዕድሜው ወደ 46 ከፍ ብሏል። ወገቤ ሲሄድ አርባን ገና ማለፌ ነበርና እኔንም አስገባኝ። በሃምሳ ዓመቱ ስትሮክ የመታው ታክሲ ነጂ ግን አሁንም ውጭ ነው። ለእሱ ጠበቃ አማክሮ ትረስት ማቋቋም ይቀረዋል፤ ያም ገንዘብ ይጠይቃል።

ስለ ክሬዲት ካርድ አንድ ነገር ብቻ። ሰው ሥራ ላይ እያለ ያወጣው ካርድ ከታመመ በኋላ ይከተለዋል፤ የሰብሳቢዎቹ ስልክ ጠዋት ማታ ያቃጭላል። ከመፍራት የተነሣ ካርዱን ከፍለው መብራት የተቆረጠባቸው ሰዎች አውቃለሁ። የካርድ ኩባንያ ፍርድ ቤት ሄዶ ቢረታ እንኳ የሶሻል ሴኩሪቲንና የኤስ ኤስ አይን ገንዘብ መውሰድ አይችልም፤ በቀጥታ ባንክ የሚገባውን የሁለት ወር ክፍያ ባንኩ ራሱ የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ስለዚህ ኪራይና መብራት ይቅደሙ። ካርዱ ይጩህ።

አገር ቤት ያለው ወገን ይህን ሁሉ አያውቅም፤ እኛም አንነግረውም። አሜሪካ ያለ ሰው ይታመማል እንጂ ይቸግረዋል ብሎ የሚያምን የለም። ለእናቴ በወር 50 ዶላር እልካለሁ፤ ይህን የሚያነብ ኬዝ ወርከር ካለ ከምግቤ ቀንሼ ነው። ናፍቆቱ ሲበዛም ሆነ ጠበል ልግባ ብሎ የሚሄድ ሰው ደግሞ ቀን ይቁጠር፤ ከአሜሪካ ውጭ 30 ተከታታይ ቀን የቆየ ሰው ኤስ ኤስ አይው ይቆማል፣ ተመልሶም ሌላ 30 ቀን እዚህ ካልቆየ አይቀጥልለትም። አርባ ቀን ጠበል ልጠመቅ ያለ ሰው ከእነ ኪራዩ አስቦ ይሂድ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ይሄ ነው። ያ ከ2,000 ዶላር በላይ እንዳትይዝ የሚከለክልህ ሕግ ለቀብርህ 1,500 ዶላር ለብቻ ብታስቀምጥ አይቆጥርብህም። ለመኖር መቆጠብ ይከለከላል፣ ለመቀበር መቆጠብ ይፈቀዳል። በሕጉ ልስቅ ብዬ እኛን አሰብኩ። እድሮቻችን አስከሬን አገር ቤት ለመሸኘት በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሲያዋጡ አንድ ቀን አይዘገዩም። በሕይወት ላለ አባል ግን የተጻፈ አንቀጽ ያለው እድር ማግኘት ያስቸግራል፤ ካለም የአንድ ጊዜ ካሽ ነው፣ ያውም ለኤስ ኤስ አይ ሰው የማይሆነው።

እኔ የምጠይቀው ከገንዘብ ይልቅ ሰው ነው። በየእድሩ እንግሊዝኛና ፎርም የማይከብዳቸው ወጣቶች ሞልተዋል። ሁለቱ በየወሩ አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ተቀምጠው የአባላትን ደብዳቤ ቢያነቡ፣ ለኢነርጂ እርዳታው በየዓመቱ አዲስ ፎርም ቢሞሉ፣ 60 ቀኑን ቢቆጥሩ፣ ከእድሩ ሣጥን ደግሞ የታመመው አባል የስልክ ቢል በቀጥታ ለኩባንያው ቢከፈል ብዙ መሳቢያ ይከፈት ነበር። ሐሳቡን ለኛ እድር ጽፌ ሰጠሁ። ሊቀመንበሩ በትሕትና ተቀብለው አነበቡት፤ መነጽራቸውን አውልቀው ጥሩ ሐሳብ ነው አሉኝ። ለሚመጣው ስብሰባ አጀንዳ ይያዝልኛል፤ የአስከሬን ማጓጓዣ መዋጮ ጭማሪው ከጸደቀ በኋላ።