የስልክ መሥመር በተቋረጠ ጊዜ ርዳታ ስለ መጥራት

ቤትን ማስተዳደር ማለት ጓዳን መሙላትና ልብስን ማሰናዳት ብቻ አይደለም፤ ቤተ ሰቡን ከድንገተኛ አደጋ የሚያድን ሥርዐት አስቀድሞ ማቆምም ነው። ስለዚህ እሳት ቢነሣ፣ ሕመምተኛ ቢጠናበት ወይም ሌባ ቢገባ፣ ስልኩም በዚያው ሰዓት ተቋርጦ ቢገኝ፣ ርዳታ በምን መንገድ እንደሚጠራ በዛሬው ዐምዳችን ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ አስበናል።

በአዲስ አበባ ፖሊስ በ991፣ እሳት አደጋ በ939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ነገር ግን ቁጥሩን ማወቅ የሚጠቅመው መሥመሩ ደኅና ሲሆን ነው።

መሥመር መቋረጥ በሀብታም አገርም የሚደርስ መሆኑን ለማስረዳት የሆላንድን ነገር እንጠቅሳለን። ሰኔ 17 ቀን 2011 ዓ/ም (በአውሮፓ አቆጣጠር በ2019) የአገሩ ሰው ሁሉ በአደጋ ጊዜ የሚደውልበት 112 ቁጥር ከሦስት ሰዓት በላይ ተቋርጦ ዋለ። ምትክ እንዲሆኑ የተዘጋጁት መሣሪያዎችም በአንድ ስሕተት ከዋናው ጋራ አብረው ወደቁ። መንግሥቱም ለሕዝቡ በችኮላ በላከው ማስጠንቀቂያ ላይ የሰፈረው ሌላ ቁጥር የአንድ ጋዜጣ የወሬ መቀበያ ሆኖ ተገኘ። በዚያ ቀን የጠቀመው ፖሊሶች በየመንገዱ ወጥተው መታየታቸው፣ ሕዝቡም ራሱ ወደ ሆስፒታልና ወደ እሳት አደጋ ጣቢያ እንዲሄድ መነገሩ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ በድንጋጤ ሰዓት የሚፈለግ ቁጥር ስለማይታመን በሰላም ጊዜ መጻፍ እንደሚገባው ነው። ሁለተኛው፣ ከዋናው ጋራ አንድ ሥር ያለው ምትክ ከዋናው ጋራ አብሮ እንደሚወድቅ ነው። በቤት ውስጥ አራት ስልክ ቢኖር፣ አራቱም የአንድ ኩባንያ ከሆኑ፣ እንደ አንድ መንገድ ይቈጠራሉ። የቤት ስልክም በኢንተርኔት ሣጥን በኩል የሚሠራ ከሆነ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ስለዚህ በአገራችን ከ2015 ዓ/ም ጀምሮ ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ሳፋሪኮምም አገልግሎት ስለሚሰጥ፣ የሚቻለው ቤተ ሰብ ከስልኮቹ አንዱን በሌላው ኩባንያ መሥመር ቢያደርግ መልካም ነው። ዳግመኛም በአቅራቢያ ወዳለው የፖሊስ ጣቢያና ጤና ጣቢያ ራስ ሄዶ መደበኛውን የስልክ ቁጥር መጠየቅ፣ በወረቀትም ጽፎ በበር አጠገብ መስቀል ያስፈልጋል፤ አጭሩ ቁጥር እንቢ ሲል ረጅሙ የሚሠራበት ጊዜ አለና።

ሁሉም እንቢ ያለ እንደ ሆነ ግን ደጋግሞ በመደወል ጊዜ ማጥፋት አይገባም። ሁለት ጊዜ ተሞክሮ ካልሆነ መልእክተኛ ይነሣ። መልእክተኛው ማን እንደሚሆን፣ በሌሊትም በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ አስቀድሞ ይወሰን፤ ዘበኛውም ልጆቹም ጣቢያውን በዐይናቸው አይተው ይወቁ። የሚናገረውም ቃል አጭር ይሁን፤ ምን እንደ ደረሰ፣ ስንት ሰው እንደ ተጐዳ፣ ቤቱ ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ድልድይ አጠገብ እንደ ሆነ፣ መኪና የሚገባበትም በየት በኩል እንደ ሆነ ይናገር። አንድ ሰው ከሕመምተኛው እንዳይለይ፣ ሌላውም መብራት ይዞ ከመንታው መንገድ ላይ ቆሞ እንዲቀበል ይደረግ።

አባቶቻችን ስልክ ሳይኖራቸው በኡኡታ ይጠራሩ ነበር፤ ጩኸቱን የሰማ ሁሉ ሥራውን ጥሎ ይሮጥ ነበር። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የተባለውም ስለዚህ ነው። አጥሩ ከፍ ያለ፣ በሩም የተዘጋ ትልቅ ቤት ግን ጩኸቱ ለጎረቤት ላይሰማ ይችላል። እንግዲህ የተከበሩ አንባቢዎቻችን መኪና ያለው ጎረቤታቸው ማን እንደ ሆነ፣ ሐኪም ወይም ነርስ የሆነውም በየትኛው ቤት እንደሚኖር በዚህ ሳምንት ጠይቀው እንዲያውቁ፣ እነርሱም ለጎረቤታቸው በሌሊት በር የሚከፍቱ መሆናቸውን እንዲያስታውቁ እናሳስባለን።