ለጠያቂ ልጅ የሚከራከረው መጽሐፍ ስጡት

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ታዳጊዎች በክረምቱ እረፍት እንዲያነቧቸው የመረጣችኋቸውን መጻሕፍት አይቻለሁ። ሐሳቡን አመሰግናለሁ። ነገር ግን ከልብ ወለዶቹ ውጪ ያሉት ሁሉም ለማለት ይቻላል ስለ ስኬት የሚመክሩ ትርጉሞች ናቸው። በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የምሠራ ሰው ነኝና በዚህ አልስማማም።

ማለዳ ተነሣ፣ ዓላማህን ጻፍ፣ በራስህ ተማመን የሚል ምክር ክፋት የለውም። ግን ለማንም የሚሆን ምክር ስለሆነ፣ «ለምን?» ማለት ያበዛ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ የሚይዘው የሚጨብጠው ነገር አያገኝበትም። እኔ ብሆን ግለ ታሪክ አስቀድማለሁ። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በጻፉት የሕይወታቸው ታሪክ ገና በልጅነታቸው ዓድዋ መዝመታቸውን፣ ኋላም ሩሲያ ሄደው የመድፍ ትምህርት መማራቸውን ይተርካሉ። ዓድዋን በቀንና በጦር አዝማቾች ስም ብቻ የሚያውቅ ተማሪ፣ የእሱ እኩያ እዚያ እንደነበረ ሲያነብ ጥያቄው ይለወጣል፤ ምን በሉ? የት አደሩ? ፈርተው ነበር? ሐዲስ ዓለማየሁንም ውሰዱ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በስም የማያውቅ ተማሪ አልገጠመኝም። ደራሲው ጣልያንን ሊዋጉ ዘምተው፣ ተማርከው፣ ጣልያን አገር መታሰራቸውን የሚያወጉበትን «ትዝታ»ን ግን ፈልጎ የሚመጣ ጥቂት ነው።

ይከብዳቸዋል የሚሉ አሉ። በእርግጥ የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ ያለበት የተመስገን ገብሬ «ሕይወቴ» ቀላል ንባብ አይደለም። ለ12 ዓመት ልጅ አልሰጠውም። ለ16 ዓመቱ ግን እሰጠዋለሁ፤ ሲጨርስም ቁጭ ብዬ አወራዋለሁ። በየስልኩ የሚያየውን ግፍ ማን ቁጭ ብሎ ያስረዳዋል?

ከሁሉ በላይ የምለምነው፣ በአንድ ጉዳይ ላይ የማይስማሙ ሁለት መጻሕፍት አብራችሁ እንድትጠቁሙ ነው። ስለ 1966ቱ አብዮትና ስለተከተለው ደም መፋሰስ የክፍሉ ታደሰ «ያ ትውልድ» ከኢሕአፓ ወገን፣ የፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ» ከደርግ ወገን የተጻፉ ናቸው። አንድ ልጅ ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያነብ፣ ማን ምን እንዳነሣ ብቻ ሳይሆን ማን ምን እንደዘለለም ማየት ይጀምራል። ያኔ የባሕሩ ዘውዴን የኢትዮጵያ ታሪክ ብትሰጡት፣ የታሪክ ባለሙያ ማስረጃ የሚመዝነው ለምን እንደሆነ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። (ወላጆች «ፖለቲካ ውስጥ አታስገባብን» ይሉኛል። እነሱ በእራት ሰዓት ሲከራከሩ እየሰማ ያደገን ልጅ እኔ ወዴት አስገባዋለሁ?)

ወደ ሳይንስ ስመጣ እጄ ባዶ ነው። ስለ ከዋክብት ወይም ስለ አንጎል ለታዳጊ ተብሎ በአማርኛ የተጻፈ መጽሐፍ መደርደሪያችን ላይ እንደልብ አይገኝም። እንግሊዝኛ የሚችለውን ወደዚያ እልከዋለሁ። የማይችለው ይመለሳል፤ ይህ ያናድደኛል፤ አሳታሚዎችም ቢሰሙኝ ደስ ይለኛል።

ወላጆችም ከአዟሪ ስትገዙ በሽፋኑ አትፍረዱ። መሐሉን ገልጣችሁ አንድ ሁለት ገጽ አንብቡ። ጸሐፊው የሚለውን ከየት እንዳወቀው፣ አይቶት ይሁን ሰምቶት ወይም ከሰነድ አግኝቶት፣ ፍንጭ ከሌለ መጽሐፉን ለአዟሪው መልሱለት።

ለእናንተ ለአዘጋጆቹ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። ይህን ስል ጳውሎስ ኞኞ ትዝ አለኝ፤ «አንድ ጥያቄ አለኝ» በሚል ስም በ«አዲስ ዘመን» ጋዜጣ በነበረው ዓምዱ የማንንም ጥያቄ ሳይንቅ ይመልስ ነበር። እናንተም ለታዳጊዎች ትንሽ ዓምድ ብትሰጡስ? ያነበቡትን መጽሐፍ እንዲያሞግሱ ሳይሆን፣ የትኛው ገጽ ላይ ጸሐፊውን እንዳላመኑትና ለምን እንዳላመኑት እንዲጽፉ። የእኛ ተማሪዎች የመጀመሪያዎቹን ደብዳቤዎች ይልካሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ ከአዲስ አበባ