የተራራ አገር፣ የአስፋልት ፌዴሬሽን!

ምነው ሸዋ! ብስክሌት ያለ አስፋልት አይነዳም ብሎ የደነገገው ማነው? እስቲ ተጠራጣሪ ካለ ከጎባ ተነስቶ ወደ ደሎ መና ይውረድ። ሳነቴ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ወጥቶ ትንፋሹን ይቆጥራል። ሪራን አልፎ የሐረናን ደን ቁልቁል ሲያያዘው ጆሮው ይደፈናል። ደሎ መና፣ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ሲደርስ ደግሞ ካፖርቱን አውልቆ ጥላ ፍለጋ ነው!

የተራራ ብስክሌት አገር አቋራጭ ውድድር ኦሊምፒክ የገባው በ1988 ዓ.ም. አትላንታ ላይ ነው። የሚፈልገው ጭንጫ፣ ጭቃ፣ የዛፍ ሥርና ዳገት ነው። ይኼ ደግሞ ከእኛ በላይ ማን ዘንድ አለ? ሩዋንዳ በ2004 ዓ.ም. ለንደን ላይ አድሪየን ንዮንሹቲን አሰለፈች። ትንሿ ተራራማ ሌሶቶ በ2008 ዓ.ም. ሪዮ ላይ ፌቴትሶ ሞኔሴን ላከች። እኛስ? በ1949 ዓ.ም. እነ ገረመው ደንቦባን ሜልቦርን ድረስ የላክን፣ በ2008 ጽጋቡ ግርማይን ቱር ደ ፍራንስ ላይ ያየን ሰዎች፣ በተራራው ዘርፍ ማንን ላክን? ማንንም!

«ብስክሌቱ ውድ ነው» ይሉናል። እውነት ነው። የአስፋልቱስ በነጻ ይታደላል እንዴ?

«ፓርክ ነው» የሚሉትን ግን አልከራከራቸውም። የባሌ ተራሮች ከመስከረም 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም ቅርስ ናቸው፤ በቀይ ቀበሮ ጉድጓድ ላይ ጎማ ይሂድ የሚል ካለ ከእኔ ወገን አይደለም። ግን ማን ሳነቴ ላይ ተወዳደሩ አለ? የኦሊምፒኩ መም እኮ ከ4 እስከ 6 ኪሎ ሜትር የሚሆን ዙር ነው፤ እየደጋገሙ ሰዓት ተኩል ገደማ ይጋልቡበታል። ይህችን ታክል ዙር ከፓርኩ ውጪ፣ ደሎ መና ዙሪያ፣ ፈረስና አህያ ከረገጠው ዱካ ላይ፣ ከባለ መሬቱና ከሽማግሌዎቹ ጋር ተነጋግሮ ማውጣት ያቅታል? ልጆቹ 2,700 ሜትር ላይ ጎባ እየኖሩ ሳንባቸውን ያበረታሉ፣ ደሎ መና ወርደው ቁልቁለቱንና መታጠፊያውን ይለምዳሉ። ፈረንጅ ለከፍታ ልምምድ ስንት ገንዘብ ከፍሎ አህጉር ያቋርጣል፤ የባሌ ልጅ አልጋው ላይ ተኝቶ ያገኘዋል!

ስለዚህ ፌዴሬሽኑ ለጊዜው አንድ ሰው ብቻ ይላክ። ሜትሩን ይዞ ከጎባ ይሳፈር፣ ደሎ መና ይውረድ፣ አንዲት ዙር ለክቶ ይምጣ። ስብሰባ አይጥሩ፣ ባነር አያሰፉ። አበሉ... እሺ፣ አበሉ ይታሰብለት።