በአንድ በርሜል የሚሰጥ ፍርድ

የቆየ ሩም አዋቂዎች ነን በሚሉ ሰዎች ዘንድ ጥያቄ የማይነሣበት አንድ እምነት አለ። ከአንድ በርሜል ብቻ ተቀድቶ፣ ስኳር ሳይገባበት፣ አልኮሉ በውኃ ሳይቀጥን የታሸገ ሩም የፋብሪካውን እውነተኛ ጠባይ ይናገራል ይላሉ። ፋብሪካ ሳይኖራቸው በርሜል እየገዙ በራሳቸው ስም የሚያሽጉ ነጋዴዎችን ጠርሙሶች ጎን ለጎን ይደረድራሉ፤ ቀምሰው ከመቶ ነጥብ ይሰጣሉ፤ ከዚያ ስለ ፋብሪካዎቹ “ሃምፕደን ከካሮኒ ይበልጣል” ወደሚል ብይን ይሻገራሉ። በፍርድ ቤት በአንድ ምስክር ቃል ብቻ ቢፈረድ የሚቆጣ ሰው፣ እዚህ ላይ በአንድ በርሜል ሲፈርድ ቅር አይለውም።

እምነቱ ያለ ምክንያት አልተወለደም። ገበያው ለዓመታት “የቆየ” በሚል ስም የሚሸጥ ጣፋጭ ሩም ሞልቶት ነበር። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ደንብ በሊትር ከ20 ግራም በላይ ማጣፈጫ እንዳይኖር እስኪከለክል ድረስ ጠጪው የሚቀምሰው ሩሙን ይሁን ስኳሩን ለመለየት ይቸገር ነበር። አሻጊዎቹ ምንም ያልተጨመረበትን ሲያቀርቡ ትልቅ ውለታ ዋሉ። የትሪኒዳዱ ካሮኒ እ.ኤ.አ. በ2003 ከተዘጋ በኋላ፣ የጣልያኑ ቬሊየር ባለቤት ሉካ ጋርጋኖ በ2004 እዚያ ያገኛቸውን በርሜሎች ባያወጣቸው ኖሮ የፋብሪካው ስም ዛሬ የሚነሣ አይመስለኝም። ሆኖም ስኳር አለመጨመር ስለ ፋብሪካው ለመመስከር አያበቃም።

መጀመሪያ የቦታው ነገር አለ። በካሪቢያን ሙቀት ከበርሜል የሚተነው በዓመት ከመቶ 6 እና ከዚያ በላይ እንደሆነ ይገመታል፤ በእንግሊዝ ወይም በስኮትላንድ መጋዘን 2 ገደማ ነው። 200 ሊትር ይዞ የጀመረ በርሜል ከ20 ዓመት በኋላ በካሪቢያን 60 ሊትር እንኳ አይሞላም፤ በእንግሊዝ ግን 130 ሊትር ያህል ይተርፈዋል። እንጨቱ በሁለቱ ላይ የሚሠራውም ሥራ እንዲሁ ይራራቃል። ታዲያ በሁለቱም ጠርሙሶች ላይ የተጻፈው “20 ዓመት” ምንን ከምን ጋር ያስተያያል? የጃማይካው ሃምፕደን ለረጅም ዘመን ሩሙን ሳያቆይ በጅምላ የሚሸጥ ፋብሪካ ነበር። እዚያው ያቆየውን በራሱ ስም ማውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ስለዚህ ሰብሳቢዎች የሚያሞግሱት የ1990ዎቹ ሃምፕደን በአብዛኛው አውሮፓ ውስጥ ያደገ ነው።

ሁለተኛው የመራጩ እጅ ነው። አሻጊው የሚፈልገው የሚያስደንቅ በርሜል ነው። ካሮኒ ቀለል ያለ ሩምም ያወጣ ነበር፤ ዝናውን ያተረፈለት ግን ሬንጅ ሬንጅ የሚለው ከባዱ ነው። ሃምፕደን ዲ.ኦ.ኬ. ብሎ የሚሰይመው ሩም በ100 ሊትር ንጹሕ አልኮል ውስጥ ከ1500 እስከ 1600 ግራም ኤስተር ይዞ ይወጣል። ኤስተር የፍራፍሬና የሙጫ ሽታ የሚሰጠው ውህድ ነው። ይህን ያህል የተሸከመ ሩም የተሠራው በጥቂቱ ከሌላ ጋር እንዲደባለቅ እንጂ ብቻውን ብርጭቆ ውስጥ እንዲቀዳ አልነበረም። ዛሬ ግን ብቻውን ታሽጎ የፋብሪካው ጥግ ተብሎ ይሸጣል። በርበሬውን ብቻ ቀምሶ ስለ ወጡ መናገር ማለት ይህ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ይህ አምልኮ ማደባለቅን እንደ ማጭበርበር ማስቆጠሩ ነው። ጆይ ስፔንስ እ.ኤ.አ. በ1997 የጃማይካው አፕልተን ዋና ቀማሚ ስትሆን በዓለም በዚህ ሥራ የተሾመች የመጀመሪያዋ ሴት ተብላ ተመዘገበች፤ ሙያዋ በርሜሎችን ማስማማት ነው። በባርቤዶስ የፎርስኩዌሩ ሪቻርድ ሲልም ከሁለት ዓይነት የአልኮል ማውጫ የሚገኘውን ሩም ያዋሕዳል። ስኳር የመጨመር ልማድንም እንደ እሱ በአደባባይ የተቃወመ ጥቂት ነው። የፋብሪካ ድምፅ የሚሰማው እንደነዚህ ባሉ ሰዎች ውሳኔ ውስጥ ነው፤ ነጥብ ሰጪው ግን አምስተርዳም ወይም ሊቨርፑል ካለ ጅምላ ሻጭ በርሜል ለገዛው ሰው ያጨበጭባል። ሁለት አሻጊዎች ከአንድ ሻጭ የገዟቸውን መንታ በርሜሎች እንደ ባላንጣ ማወዳደርም የተለመደ ነው።

አሻጊዎቹ ይጥፉ አልልም፤ ጠጪው ይጠይቃቸው ነው የምለው። በርሜሉ የት ስንት ዓመት እንደተቀመጠ፣ ከየትኛው ማውጫ እንደወጣ፣ በርሜሉ ቀድሞ ምን ይዞ እንደነበረ ይጻፍ። ጃማይካ የሩሟን ስም በሕግ ካስመዘገበች በኋላ፣ በባሕር ማዶ የቆየ ሩም በዚያ ስም ይጠራ ወይስ አይጠራ የሚለው በአምራቾቿ መካከል ብርቱ ክርክር ሆኗል፤ ቀማሹም ጉዳዩ ከእሱ የሚርቅ አይምሰለው። ማወዳደር የሚሻ ሰው ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ዓመት ወጥቶ ግማሹ እዚያ፣ ግማሹ አውሮፓ የቆየውን፣ ስሙ ተሸፍኖ ይቅመስ። ያን ጊዜ ልዩነቱ ከምን እንደመጣ መናገር ይችላል። ይህ እስካልሆነ ድረስ 95 ነጥቡ የዚያ በርሜል ብቻ ነው፤ በፋብሪካው ስም የሚመዘግበው ሰው ያላየውን ይመሰክራል።