በረኛ የሌላት መኪና

ነሐሴ ለኳስ አፍቃሪው ሁለት ነገር ይዞ ይመጣል። አንዱ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጅማሮ ነው፤ ሌላው የክረምቱ ከባድ ዝናብ። ከሆለታ እስከ ጉደር ባሉት ከተሞች ቅዳሜ ከሰዓት በዲኤስቲቪ ቤቶች ደጃፍ የቆሙትን መኪኖች ላየ ሰው ሁለቱም አንድ ላይ ይገናኙበታል። የአርሰናል አርማ የተለጠፈባት፣ ወገቧ ዝቅ የተደረገ ዲኤክስ፣ ቸርኬዋ የተቀየረ ቪትዝ፣ ማርሚታዋ ጎል የገባ ይመስል የሚጮኽ ኮሮላ ተደርድረዋል። ሰማዩ ደግሞ ቧንቧው እንደተከፈተ ነው።

መኪና ማሳመር ነውር አይደለም። ወጣቱ በላቡ ያገኘውን ብር በሚወደው ነገር ላይ ቢያፈስ ማንም ሊቆጣው አይገባም። ችግሩ ብሩ የሚፈስበት ቦታ ላይ ነው። ብዙው ሞዲፋይ የሚደረግ መኪና እንደ አንዳንድ ክለቦቻችን ነው፤ አጥቂ ያስፈርማል፣ በረኛ ይረሳል። ድምፅ አለ፣ ፍጥነት አለ፣ መልክ አለ። ኮፈኑ ሲከፈት ግን ውስጡን ለቄስ!

መጀመሪያ የምትባረረው የፋብሪካዋ የፊልትሮ ሳጥን ናት። በእሷ ቦታ ሳጥን የሌለው፣ ሾጣጣ፣ ራቁቱን የቆመ ፊልትሮ ይገባል። «ሞተሩ እንዲተነፍስ ነው» ይባላል። አባባሉ ከመሬት የተነሳ አይደለም። አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳር አየር አንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ በመሆኑ ሞተሩ ጉልበት ያንሰዋል። ነገር ግን ኮፈን ሥር የተጋለጠ ፊልትሮ የሚስበው ከራሱ ከሞተሩ የሚወጣውን የጋለ አየር ነው። የጋለ አየር ደግሞ የባሰ የሳሳ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ያገኘው ጉልበት ሳይሆን ድምፅ ነው። ለዚህች ድምፅ ሲል ያሰናበታት ሳጥን ግን ውሃ የምትመልስ በረኛ ነበረች።

ውሃ ሞተር ውስጥ ቢገባስ ምን ያመጣል? ፒስቶን ወደ ላይ ሲወጣ አየር ይጨምቃል። አየር ይጨመቃል፤ ውሃ ግን አይጨመቅም። በአንድ ባለ 1,300 ሲሲ ሞተር ፒስቶኑ ጫፍ ሲደርስ በእያንዳንዱ ሲሊንደር የሚቀረው ቦታ ወደ 40 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ይህ ከአንድ የቡና ስኒ ያንሳል! ከዚያ የበለጠ ውሃ ከገባ ፒስቶኑ መሄጃ ያጣል። ሞተሩ በፍጥነት ላይ ከነበረ ቢየላው ይጣመማል፣ ሲብስም ተሰብሮ የሞተሩን ግድግዳ ይበሳል። ቀይ ካርድ ማለት ይሄ ነው፤ ይግባኝ የለውም።

«እኔ ስንት ክረምት ነድቻለሁ፣ ምንም አልሆንኩም» የሚል አይጠፋም። እውነት ብሏል። ከሰማይ የሚወርድ ጠብታ ብቻውን ሞተር የሚገድለው ከስንት አንዴ ነው። የወረቀት ፊልትሮ ሲርስ ይታፈናል፣ መኪናዋ ጉልበት ታጣለች፣ የአየር መለኪያው ሴንሰር ይረበሻል፣ እሳት ማደያው ይረጥብና ሞተሩ ይንተባተባል። ገዳዩ ሌላ ነው። ገዳዩ መሬት ላይ የተኛው ውሃ ነው።

የምዕራብ ሸዋን መንገድ የሚያውቅ ይህን አያጣውም። የጊንጪ አካባቢ ዋልካ አፈር ውሃ ቶሎ አያሰርግም፤ አንድ ጊዜ ከጠገበ ቀሪው ላዩ ላይ ይተኛል። በየከተማው ቦዩ ሲደፈን ጎርፉ አስፋልት ላይ ይወጣል። ከአስፋልት ወረድ ያሉት የጠጠር መንገዶችም ጉድጓዳቸውን ውሃ ሥር ይደብቃሉ። ሹፌሩ የሚያየው ቡናማ ውሃ ነው፤ ጥልቀቱን አያይም። ወገቧ ዝቅ የተደረገች፣ ፊልትሮዋ ወደ መከላከያው ወርዶ የተሰካ፣ ፓራፋንጎዋ ለትልቅ ጎማ ሲባል የተነቀለ መኪና ውሃውን በራሷ እየገፋች ወደ ራሷ አፍ ታፈሰዋለች። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለው ይሄው ነው።

መፍትሔው የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም። ቆርቆሮ ቀጥቃጭ የሚሠራው ነው። ፊልትሮው ዙሪያውን በቆርቆሮ ሳጥን ይሸፈን። የሳጥኑ አየር መሳቢያ አፍ የተቻለውን ያህል ከፍ ብሎ ወደ ኋላ ይዙር። ከሥሩ፣ በዝቅተኛው ቦታ፣ የገባ ውሃ የሚወጣበት ትንሽ ቀዳዳ ይኑረው። የቱቦው መገጣጠሚያ በክላምፕ ይጥበቅ። ኮፈን ላይ የተቀደደ የጌጥ ቀዳዳ ካለ በቀጥታ ፊልትሮው ላይ እንዳያንጠባጥብ ከሥሩ ጋሻ ይደረግለት። የካንዴላ ገመዶች ጎማ ይፈተሽ፤ የተነቀለው ፓራፋንጎም ይመለስ። ይህ ሁሉ ሥራ ቴስታታ ከማስወረድ ጋር ሲነጻጸር ከቁም ነገር የሚገባ ወጪ አይደለም።

ነገሩ የጎረምሳ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። ግን በዚሁ መንገድ ከሁሉም የበለጠ ሞዲፋይ የተደረገው መኪና ቅጥቅጥ አይሱዙ ነው። ጭነት ሊጭን ተሠርቶ ሰው ይጭናል። የጭነቱ አይሱዙ አየር የሚስበው ከጋቢናው ኋላ ወደ ላይ ከቆመ ቱቦ ነው፤ የሰው ቦዲ ሲሠራለት ያ ቱቦ ቦታውን ከለቀቀና ዝቅ ካለ መዘዙ ብዙ ነው። የናፍጣ ሞተር ከቤንዚኑ አብልጦ ስለሚጨምቅ ከሲሊንደሩ ስፋት አንጻር የሚበቃው ውሃ ያነሰ ነው። በጊንጪና በአምቦ መካከል ማታ ሞተሩ የተሰበረ ቅጥቅጥ ማለት ዝናብ ላይ የወረደ ሕዝብ፣ ዕዳው ያላለቀ ባለንብረትና ሥራ ያጣ ሹፌርና ረዳት ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ሁሉም ይወቅ። ውሃ ውስጥ የጠፋ ሞተር በፍጹም ዳግም አይነሳ! ብዙ ሞተር የሚሞተው ሲጠፋ ሳይሆን ባለቤቱ ደንግጦ ቁልፉን ሲደጋግም ነው። መኪናው ተገፍቶ ይውጣ፣ ፊልትሮው ይታይ። እርጥብ ከሆነ ካንዴላው፣ ናፍጣ ከሆነም ኖዝሉ ተፈትቶ ውሃው ይውጣ። ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ይለወጥ።

ጎረቤት ኬንያ እንኳ ይህን ከተረዳች ቆይታለች። በሳፋሪ ራሊ የሚወዳደሩ መኪኖች አየር መሳቢያቸውን በቱቦ ወደ ጣራ አውጥተው ውሃና አቧራ ሲሻገሩ የኖሩ ናቸው፤ ውድድሩ እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ ዓለም ሻምፒዮና ከተመለሰም ወዲህ ያው ቱቦ ታይቷል። ለዋንጫ የሚሮጡት ከፍጥነት በፊት ለሞተራቸው በረኛ ያቆማሉ። የእኛዎቹ ግን በረኛውን ሸጠው ጥሩንባ ይገዛሉ።

እዚህ ላይ ጋራዦችም ከወቀሳ አያመልጡም። ደንበኛ የጠየቀውን ገጥሞ ብሩን መቀበል ብቻ ሙያ አይባልም። ሳጥኑን የሚነቅል መካኒክ «ውሃውን ማን ይመልስልሃል?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ጥያቄው በግንቦት ከተጠየቀ መልሱ አንድ ቆርቆሮ ነው። በነሐሴ ከሆነ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ መኪናዋ በገመድ ተጎትታ፣ ባለቤቷም የሁለተኛውን አጋማሽ ጨዋታ ሳያይ ይመሻል።