ፀጉራችን፣ የቁርቁራ ቅጠልና የማዳም ጥርጣሬ

እህቶቼ፣ በድምፅ መልእክት ከምትልኩልን ጥያቄዎች መሀል ከደሞዝና ከኢቃማ ቀጥሎ ደጋግሞ የሚነሳው የፀጉር ነገር ነው። «ይሄም ችግር ሆኖ!» የምትል አትጠፋም። እኔ ግን አልቀልድበትም። ቀኑን ሙሉ በሻሽ ታስሮ የዋለ ፀጉር ማታ ሲፈታ እየተሰባበረ ማበጠሪያው ላይ ሲቀር ማየት ያማል።

የሪያድ አየር ደረቅ ነው፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ሙከየፉ ሌት ተቀን የቀረውን እርጥበት ይመጠዋል። የእኛ ዓይነት ጥቅልል ፀጉር ከራስ ቅል የሚወጣው ወዝ እስከ ጫፉ በቀላሉ አይወርድለትም፤ ለዚህ ነው ቀድሞ የሚደርቀውም የሚሰበረውም ጫፉ። ብዙዎቻችን ታዲያ ወደ ዘይት እንሮጣለን። ዘይት ያለውን እርጥበት ይከድናል እንጂ ውሃ አይሆንም። ደረቅ ፀጉር ላይ ዘይት መለቅለቅ ባዶ ድስት እንደ መክደን ነው። መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ዘይት።

ከሁሉም የምመርጠው ተልባን ነው፤ እዚህ «ቢዝር ከታን» ይሉታል፣ ርካሽ ነው። አራት የሾርባ ማንኪያ ያልተፈጨ ተልባ በሁለት ብርጭቆ ውሃ እያማሰላችሁ ቀቅሉት። እንደ እንቁላል ነጭ ሲዝለገለግ አውርዱና ትኩሱን በስስ ጨርቅ አጥልሉት፤ ከቀዘቀዘ አልጠልልም ብሎ ያስቸግራችኋል። ታጥቦ ገና እርጥብ በሆነ ፀጉር ላይ ከፈል ከፈል እያደረጋችሁ እስከ ጫፉ ቀቡት። በላዩ ጥቂት ጠብታ የጉሎ ወይም የወይራ ዘይት ይበቃል። ላላ አድርጋችሁ ጎንጉኑት። ሳይደርቅ ሻሽ አትሰሩበት፤ ይሸታል፣ ያሳክካልም። የተረፈው ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት ያህል ይቆያል።

ለማጠቢያ ደግሞ ሳውዲዎቹ «ሲድር» የሚሉት ዱቄት አለ። ይሄ የእኛው ቁርቁራ ነው! ቅጠሉ በተፈጥሮው አረፋ ያወጣል፤ በሞቀ ውሃ በጥብጣችሁ ስትታጠቡበት እንደ ሻምፑ ወዙን ሙልጭ አድርጎ አይወስድም። ሙስሊም እህቶቻችን እንደሚያውቁት አስከሬንም የሚታጠብበት የተከበረ ቅጠል ነውና ስሙን ሰምታችሁ አትደንግጡ።

አብሽም («ሒልባ») አድሮ ሲዝለገለግ ያለሰልሳል፤ ግን ሽታው አይለቅም፣ ማዳም አፍንጫዋን ስትይዝ ታዩአታላችሁ። እሬት ከሆነ ቢጫውን ፈሳሽ አንጠፍጥፋችሁ ጣሉት፣ ቆዳ ያቃጥላል። የጉሎ ዘይት ከሱቅ ግዙ እንጂ ፍሬውን ራሳችሁ አትውቀጡ፤ ፍሬው መርዝ ነው። እንዶድ ለልብስ እንጂ ለራስ አይሆንም፣ ዓይን ያቃጥላል። ሂና ቀለም ይሰጣል፣ ደረቅ ፀጉርን ግን ይበልጥ ያደርቀዋል። «ጥቁር ሂና» የሚባለውንማ አትንኩት፤ ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል ይጨመርበታል፣ ፊት እስኪያብጥ ያደርሳል። በክብ በክብ የሚመለጥና የሚቀረፍ ካለ ደግሞ ቆረቆር ሊሆን ይችላልና ቅጠል አያድነውም፤ ሐኪም ይየው።

ይህን ርዕስ ለርዕሰ አንቀጽ የመረጥኩት ግን ለሌላ ምክንያት ነው። በዚህ አገር «ሲህር» እስከ ሞት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በዚሁ ክስ አንዲት ሴት በሰይፍ ተቀጥታለች። ሂዩማን ራይትስ ዎችም በ2008 ስለ ቤት ሠራተኞች ባወጣው ዘገባ፣ አሠሪዎች በሠራተኞች ላይ ከሚያቀርቧቸው ክሶች አንዱ ጥንቆላ መሆኑን ጽፏል። ደሞዟን የጠየቀች ልጅ ሻንጣ ውስጥ ስም የሌለው ዱቄት ሲገኝ ምን ሊባል እንደሚችል አስቡት።

ስለዚህ ከአገር ቤት በፌስታል የተቋጠረ ቅጠል አታስልኩ፤ እናቶቻችን በፍቅር ቢልኩትም። በጥሃም ሆነ መንፉሃ ያሉ አጣር ቤቶች በዓረብኛ ስሙ የተጻፈበትን እሽግ ይሸጣሉ። እሽጉንም ደረሰኙንም አትጣሉ። ከመጠቀማችሁ በፊት ለማዳም አሳዩአትና «ሃዛ ሊሸዕሪ» በሏት። ከወጥ ቤቷ የወይራ ዘይት አንዲት ማንኪያም ብትሆን ጠይቃችሁ ውሰዱ፣ ሌብነት ተብሎ እንዳይመጣ። ተደብቆ የሚቀባ ነገር ነው የሚያስጠረጥረው። ወድዳው «ለልጄም ቀቢልኝ» ካለች በገዛ እጇ ትቀባት፤ የልጅ ራስ ላይ እጃችሁ አይገኝ።

ወጥታ መግዛት የማትችለዋስ? ከ2024 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የቤት ሠራተኞች ደንብ በሳምንት የ24 ሰዓት ዕረፍት ይሰጣል። ወረቀቱ ላይ ያለውን ቤት ውስጥ ያላገኘን ብዙ ነን። የምትወጡ እህቶች፣ ጎረቤት ቤት ላለችው አንድ እሽግ ተልባ ጨምራችሁ ግዙላት፤ እንደታሸገ ይድረሳት።

ማበጠሪያ ላይ የሚቀረውንም ፀጉር አደራ። አገር ቤት የተነቀለ ፀጉር የትም አይጣልም ተብለን ስላደግን በወረቀት ጠቅልለን ፍራሽ ሥር የምናስቀምጥ አለን። እዚህ ግን ያ ወረቀት ሲገኝ ማስረጃ ተብሎ ይያዛል። ያኔውኑ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጨምሩትና ከረጢቱን አስወጡት።