«የጓዳ ነገር የሴት ነገር ነው» ማለት ይብቃ!

ለተከበራችሁ የሰፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

በማኅበራችን ስብሰባ ስለ ውሃ፣ ስለ መንገድና ስለ ጥበቃ መዋጮ ሲነሳ እጁን የማያወጣ ሰው የለም። የማድቤት ቅባትና ጥላሸት ይነሳ ሲባል ግን ወንዱ ይስቃል፤ «ኧረ እሱ የሴቶች ጉዳይ ነው፣ ወደሚቀጥለው አጀንዳ እንለፍ» ይላል። ይህ አነጋገር ስሕተት ነው፣ አደጋም አለው። ጢሱ የሚገባው በልጆቻችን ሳንባ ነው፤ እሳት ሲነሳ የሚሻገረው ወደ ጎረቤት ጣሪያ ነው፤ የሚደፋው ዘይት የሚዘጋው የጋራ ቦያችንን ነው። ታዲያ ይሄ እንዴት የአንዲት ሴት ጉዳይ ብቻ ይሆናል?

መጀመሪያ ነገሩ ከየት እንደሚመጣ እንይ። ዘይት ወይም ቅቤ በድስት ሲግል ዓይን የማያየው ጠብታ ሆኖ ከእንፋሎቱ ጋር ወደ ላይ ይወጣል። ቀዝቀዝ ያለ ነገር ሲያገኝ፣ ግድግዳም ይሁን ቆርቆሮ ወይም የመብራት ሽቦ፣ እዚያው ይለጠፋል። የማገዶው ጢስ ጥላሸት ያለብሰዋል፣ የመንገዱ አቧራ ይጨመርበታል። በሳምንቱ ሲነኩት እጅ ይይዛል፤ በዓመቱ እንደ ቅጥራን ይጠነክራል። በእኛ ዘንድ ደግሞ ድስት ከቅባት የሚያርፍበት ወቅት የለም። ክርስቲያኑ በጾም ዘይት ያበዛል፣ በፍስክ ቅቤ ያነጥራል፤ ሙስሊሙ በረመዳን ማታ ማታ ሳምቡሳ ይጠብሳል። ማገዶአችንም የታወቀ ነው፤ እንጨት፣ ኩበት፣ የማሽላ አገዳ። በ2014 ዓ.ም በጦርነቱ ወራት መብራት ሲጠፋ የኤሌክትሪክ ምጣድ የለመደውም ቤት ሁሉ ወደ ጉልቻ ተመልሶ ነበር። የያኔው ጥላሸት እስከ ዛሬ ያልወረደበት ማድቤት ጥቂት አይደለም።

አንዳንድ ሽማግሌዎች «ጥላሸት ቤቱን ይጠብቃል፣ አትንኩት» ይላሉ። ጢስ ሣሩንና ወራጁን ከነቀዝና ከምስጥ እንደሚጠብቅ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ያን ጊዜ ቤት ከቤት የተራራቀ ነበር፣ በጣሪያው ሥርም የመብራት ሽቦ አያልፍም ነበር። ዛሬ ግድግዳችን ተያይዟል። ከጣሪያው የተንጠለጠለው የሸረሪት ድር ቅባትና ጥላሸት ሲለብስ እንደ ክር ፈትል ነው፤ ከአገዳ እሳት አንድ ብልጭታ ከደረሰው ወደ ወራጁ ለመውጣት ጊዜ አይፈጅበትም። የለንደን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1666 ከአንድ ዳቦ ጋጋሪ ቤት በተነሳ እሳት በአራት ቀን ውስጥ ከ13 ሺህ በላይ ቤቶች አጥታለች። እሳት የማን ማድቤት ነው ብሎ አይጠይቅም። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ነው።

የጤናውስ ነገር? የዓለም ጤና ድርጅት በገመተው መሠረት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በቤት ውስጥ ጢስ ሳቢያ ሞተዋል፤ ከነዚህ ውስጥ ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት ዕድሜአቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ናቸው። ወንድሜ፣ ግድግዳውን ያጠቆረው ጢስ መጀመሪያ በባለቤትህና በጀርባዋ ባዘለችው ልጅህ አፍንጫ እንዳለፈ አስብ እንጂ!

«ሳሙና ተወዷል፣ በምን እናጽዳ?» የሚልም አለ። አመድ ተወዷል እንዴ? የተነፋ አመድ በሙቅ ውሃ በጥብጦ ማሳደር ነው። ሲነጋ ከላይ የሚጠለለው ውሃ ቅባትን ይፈታል፤ ቅባቱን በከፊል ወደ ሳሙናነት ስለሚለውጠው ነው። እናቶቻችን ዕቃ በአመድ ሲፈትጉ የኖሩት በከንቱ አልነበረም። ሆኖም የአመድ ውሃ እጅና ዓይን ያቃጥላል፣ የአልሙኒየም ድስትንም ይበላል፤ ለግድግዳና ለመደርደሪያ ይሁን። በረኪና የሚጠቀም ደግሞ ከሎሚ፣ ከኮምጣጤ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ከቶ እንዳያቀላቅል፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

የአጸዳዱ ቅደም ተከተል ይህ ነው። እሳቱ ይጠፋል፣ መብራቱ ከቆጣሪው ይዘጋል፣ ምግብና ውሃ ይከደናል ወይም ይወጣል። አፍንጫና ራስ በሻሽ ተሸፍኖ በመጀመሪያ ጣሪያው በደረቁ ይጠረጋል፤ ሽቦው በደረቅ ጨርቅ ብቻ ይታሻል። ቀጥሎ ግድግዳው ከላይ ወደ ታች በሙቅ የአመድ ውሃ ወይም በዱቄት ሳሙና ይረሳል፣ ጥቂት ይቆያል፣ በጣውላ ቁራጭ ይፋቃል፣ ይታጠባል። ወለሉ መጨረሻ ነው። ከታች የጀመረ ሁለት ጊዜ ይሠራል። መሰላል ወጥቶ ጣሪያ መጥረግ ደግሞ የጎልማሳ ወንድ ሥራ ነው፤ ነፍሰ ጡር ሴት በርጩማ ላይ ቆማ የምታደርገው አይደለም!

ከማጽዳት ግን አለማቆሸሽ ይቀላል። የቆቦ ቆላ የሽንኩርት አገር ነው፤ ሽንኩርቱ መጀመሪያ ያለ ዘይት ይቁላላ፣ ውሃው ሲመጠጥ ዘይቱ ይግባ። ውሃና የጋለ ዘይት ሲገናኙ ነው የሚንጣጣው። ድስት ይከደን። ዘይቱ መጤስ ሲጀምር እሳቱ ይቀነስ። ማታ ማታ ምድጃው ዙሪያ ለብ እንዳለ በጨርቅ ይታሽ፤ ለብ ያለ ቅባት በአንድ እጅ ይነሳል፣ ያደረው ግን ጉልበት ይፈልጋል። እርጥብ እንጨት አይንደድ። ከጣሪያው ሥር ትይዩ ሁለት የጢስ መውጫ ይከፈት። አቅም ያለው ደግሞ በአገራችን የተሠራውን «ምርጥ» የተባለውን የእንጀራ ምድጃ ያስገባ፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ይቆጥባል።

አሁን ደግሞ ወደ ቦዩ። ከወልዲያ ወደ ቆቦ በሚያልፈው አስፋልት ዳር ድንችና ሳምቡሳ የምትጠብሱ ወገኖቻችን፣ እንጀራችሁን አንቃወምም፤ ልጆቻችሁን የምታሳድጉበት ነው። የምንቃወመው ዘይቱን እስኪጠቁር ደጋግሞ ማፍላቱንና ማታ ላይ ቦይ ውስጥ መድፋቱን ነው። ደጋግሞ የፈላ ዘይት ቶሎ ይጤሳል፣ ጤናም አይሰጥም። በቦዩ ውስጥ ደግሞ ብርድ ሲያገኘው ይረጋል፣ ከፌስታልና ከአፈር ጋር ይጋገራል። ክረምት ሲመጣ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ መሄጃ አጥቶ ወደየቤታችን ይገባል። ይህችው ለንደን እንኳ፣ ያን ሁሉ ሀብት ይዛ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በምድር ውስጥ የፍሳሽ መስመሯ 250 ሜትር የሚረዝምና 130 ቶን የሚመዝን የረጋ ቅባት ተገኝቶባት ሠራተኞቿ ለሳምንታት ሲቆፍሩ ከርመዋል። እኛ ያለን አካፋና ጉልበታችን ብቻ ነው። አሮጌ ዘይት ቀዝቅዞ በአመድ ወይም በደረቅ አፈር ይመጠጥና ከቤት ራቅ ብሎ ይቀበር።

አንድ ነገር ለሕፃን ሳይቀር ይነገር፦ ድስት ላይ ዘይት ከተቀጣጠለ ውሃ አይደፋበትም! ውሃው ከዘይቱ ስለሚከብድ ይሰምጣል፣ ከታች ባንዴ ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ እንፋሎቱ የውሃውን 1,700 እጥፍ ያህል ቦታ ስለሚፈልግ የሚነደውን ዘይት ወደ ሰውና ወደ ጣሪያ ይረጨዋል። በሰፊ ክዳን ማፈን፣ ከሥሩ ያለውን እሳት ማጥፋት፣ ድስቱን እስኪበርድ አለማንሳት። በቃ።

ስለዚህ ለሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ የሚከተሉትን ሦስት ነጥቦች እናቀርባለን፤

1ኛ/ ማኅበራችን ድንኳንና ብረት ድስት እንደሚያውስ ሁሉ አንድ መሰላልና ረጅም እጀታ ያላቸው ሁለት መጥረጊያዎች ገዝቶ ለአባላት ያውስ።

2ኛ/ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱ ከዓቢይ ጾም፣ አንዱ ከረመዳን በፊት፣ ሁሉም ቤት በአንድ ቀን ጣሪያውን ይጥረግ፤ አቅመ ደካሞችና አረጋውያን ያሉበትን ቤት ወጣቶች ይጥረጉ።

3ኛ/ ቦይ ውስጥ ዘይት የደፋ ሰው ቦዩን በገዛ እጁ ይጥረግ።

«የሴት ነገር ነው» የሚል ካለ ጉባኤው ላይ ተነስቶ በሁሉም ፊት ይናገር። እኛ ግን አንድ ጥያቄ እናቀርብለታለን፤ ወጡን ስትበላ የሴት ነው ብለህ ትተህ ታውቃለህ?

ከሰላምታ ጋር
የማኅበሩ ጸሐፊ
ሮቢት